የኮሮላዋ የፊት እግር ኳኳታ፦ ከቱሉ ዲምቱ የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት

መኪናዋ 1998 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ናት። የፊት እግሯ ማክፈርሰን የሚባለው ዓይነት ነው። ሾክ አብዞርበሩና ሞላው አንድ ላይ ሆነው ጎማውን ከላይ ይይዙታል። ከታች ደግሞ ሎወር አርም የሚሉት ክንድ አለ። መሪዋ በዘይት ግፊት የሚታገዝ ነው። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ፍተሻው እንደ እግሩ ዓይነት ስለሚለያይ ነው። ሃይሉክስ ወይም አይሱዙ ያለው ሰው ከዚህ የሚወስደው የተወሰነውን ብቻ ነው።

ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ከፊት በኩል ድምፅ አለ። ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ያለው ኮብልስቶን በዝናቡ ቦታ ቦታው ሰምጧል። በቀስታ ስነዳበት ከፊት ግራ "ቋ ቋ ቋ" ይላል። ዋናው አስፋልት ላይ ስወጣ ዝም ይላል። ወደ አዳማው የክፍያ መንገድ መግቢያ ድረስ ነድቼ አንድም ነገር አልሰማሁም።

ሌላም አለ። ቆሜ መሪውን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ስጀምር አንዴ "ዷ" ይላል። ይሄኛው ከጆሮ ይልቅ በእግር ነው የሚሰማው፤ የመኪናው ወለል ላይ፣ ፔዳሎቹ አካባቢ። መሪውም እጄ ላይ ትንሽ ይመታል።

ሁለቱ ድምፆች አንድ ይሁኑ ሁለት ገና አላወቅኩም። ለጊዜው ለየብቻ ነው የምይዛቸው። "ቋ ቋ" እና "ዷ" ብዬ እጽፋቸዋለሁ።

መንገድ ዳር ያለ አንድ መካኒክ መኪናዋን ሳያነሳ፣ መስኮት ላይ ቆሞ "ቴስቲና ነው፤ ሁለቱንም ቀይራቸው፤ ቦል ጆይንቱንም አብረህ" ብሎኛል (ቴስቲና ከመሪው የሚመጣው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው፣ ጎማውን የሚያዞረው መገጣጠሚያ ነው፤ ቦል ጆይንት ሎወር አርሙን ከጎማው መያዣ ጋር የሚያገናኘው ኳስ)። ሊሆን ይችላል። ግን በዚህ መንገድ ስንቱ ሰው የፊት እግሩን በሙሉ ቀይሮ ድምፁን ይዞ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ አይቻለሁ። የመኪና አካል አንድ ላይ የተበየደ ቆርቆሮ ነው። ግራ ላይ የተመታ ብረት ቀኝ ላይ ይሰማል። ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ መኪናዋ ቆማ ሳለች ድምፁን በእጄ ካላገኘሁት አንድም መለዋወጫ አልገዛም።

ቅዳሜ፣ ከቁርስ በኋላ

መጀመሪያ ከእግር ጋር የማይገናኘውን ነገር ሁሉ ማስወገድ። ኮፈኑን ከፍቼ ባትሪው በቦታው መጥበቁን አየሁ። ያልታሰረ ባትሪ ኮብልስቶን ላይ ልክ እንደ ተበላ ቦል ጆይንት ነው የሚያንኳኳው። የኮፈኑ መቆለፊያ ደህና ነው። ከኋላ ሻንጣ ክሪኩን፣ ትርፍ ጎማውን፣ የመፍቻ ሳጥኑን አወጣሁ። ባዶዋን ነዳኋት። "ቋ ቋ" አለ።

ቀጥሎ የፍሬን ነገር። ኮብልስቶኑ ላይ በዚያው ፍጥነት እየሄድኩ ፍሬኑን በግራ እግሬ ጣት ትንሽ ነካ አደረግሁት። ፍሬን ሲነካ ካሊፐሩና ሸራው (ዲስኩን የሚጨምቁት የፍሬን ክፍሎች) ተይዘው ይቆማሉ። ድምፁ ያኔ ቢጠፋ ጥፋቱ እዚያ ነው ማለት ነው። አልጠፋም። ይህ ሙከራ ገንዘብም መፍቻም አይፈልግም፤ ግን ትራፊክ በሌለበትና በእርምጃ ፍጥነት ብቻ።

ከዚያ ሰፊው ሜዳ ላይ ሄጄ መሪውን እስከ ጥግ አዙሬ በቀስታ ጋዝ እየሰጠሁ ክብ ሠራሁ። አክስሉ ጫፍ ያለው መገጣጠሚያ ከተበላ ከጎማው ዙር ጋር እኩል የሚሄድ "ቀጭ ቀጭ ቀጭ" ይሰማል። በሁለቱም በኩል ምንም የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት

አሁን ማንሳት። ለጀማሪዎች አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ክሪክ ለማንሻ ነው፤ ለማቆያ አይደለም። ክሪክ ብቻ በያዘው መኪና ሥር እጅም ጭንቅላትም አይገባም። የኋላ ጎማዎች ላይ ከፊትም ከኋላም ታኮ አደረግሁ። የእጅ ፍሬን ያዝኩ። ፊቷን አነሳሁና በሁለቱም በኩል ባለ ሦስት እግር የብረት ማቆሚያ ሥሯ አስገባሁ። መሬቱ ላላ ስለሚል ከማቆሚያዎቹ ሥር ወፍራም ጣውላ አለ። ከዚያ ሥሯ ከመግባቴ በፊት ከጎን በደንብ ገፋ ገፋ አድርጌ አየኋት። አልተነቃነቀችም።

የግራውን ጎማ ላይና ታች ይዤ ነቀነቅኩ። እዚህ ላይ የሚነቃነቅ ከሆነ ወይ ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት ቤሪንግ) ነው ወይ ቦል ጆይንት። ሁለቱን የሚለየው ቀላል ነገር ነው፦ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥልህና እንደገና ነቅንቅ። ፍሬን ሲረገጥ መነቃነቁ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ። የእኔዋ በሁለቱም አልተነቃነቀችም። ለማረጋገጥ ረጅም ፌሮ ክንዱና የጎማው መያዣ መካከል አስገብቼ ወደ ላይ ነቀል አደረግሁ። ቦል ጆይንቱ ጠንካራ ነው። ጎማ ሽፋኑም አልተቀደደም።

ግራና ቀኝ ይዤ ነቀነቅኩ። ይሄኛው የቴስቲና ፍተሻ ነው። አንድ እጄን ጎማው ላይ፣ ሌላኛውን ጣቴን ቴስቲናው መገጣጠሚያ ላይ አድርጌ። የተበላ ቴስቲና ዓይን ሳያየው ጣት ያውቀዋል፤ ብረቱ ብረቱን ሲመታ ትንሽ "ጠቅ" የምትል ነገር ጣት ጫፍ ላይ ትደርሳለች። እዚህ የለችም። ሁለቱም ቴስቲናዎች ደህና ናቸው። ያንን ምክር ሰምቼ ቢሆን ኖሮ የሚወጣው ገንዘብ በሜዳ ይቀር ነበር።

ጎማውን ግራና ቀኝ ስነቀንቅ ግን ከውስጥ፣ ከመሀል፣ የታፈነ ነገር ሰምቻለሁ። ከቴስቲናው ወደ ውስጥ ነው። ማስታወሻ ያዝኩበት። ነገ።

እሑድ ጠዋት

የብረት ማቆሚያዎቹ ላይ ወዳለችው መኪና ተመለስኩ። የሾክ አብዞርበሩ የላይኛው መቀመጫ በኮፈን በኩል ይታያል። የጎረቤቴ ልጅ መሪውን እያዞረ እኔ መዳፌን መቀመጫው ላይ አደረግሁ። ይህ መቀመጫ ውስጡ ኩሽኔታ አለው። ሲበላሽ መሪ ሲዞር ሞላው አብሮ መዞር ያቅተዋል፤ ይጠመዘዝና በድንገት ይለቃል። ያኔ "ጧ" ይላል፤ መዳፍም ላይ ይዘላል። የእኔው ሁለቱም ለስላሳ ናቸው። የላይኛው ዳዶም ጥብቅ ነው። የግራው ሾክ አብዞርበር ላይ አቧራ የያዘ ቀጭን የዘይት ላብ አየሁ፤ የሚንጠባጠብ አይደለም። መዝግቤዋለሁ።

አሁን ስታቢላይዘሩ። ግራና ቀኙን የሚያገናኘው ወፍራም ዘንግ ነው። መኪናዋ ስትዞር እንዳትጋደል ይይዛታል። ጫፍና ጫፉ ላይ ሊንክ የሚባሉ አጫጭር ዘንጎች አሉ፤ በየጫፋቸው ትንሽ ኳስ መገጣጠሚያ። ሊንክ ሲበላ የሚያወጣው ድምፅ ልክ የኔው "ቋ ቋ" ነው። አንዱ ጎማ ብቻ ጉብታ ሲያገኝ ይንኳኳል። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲወጡ ሲወርዱ፣ ለምሳሌ ቀጥ ያለ የፍጥነት መገደቢያ ላይ፣ ዝም ይላል። ምክንያቱም ዘንጉ የሚሠራው ግራና ቀኙ ሲለያዩ ነው። ኮብልስቶን ደግሞ ሁልጊዜ ይለያያቸዋል።

ብዙ ሰው ሊንክን ሲፈትሽ የሚያልፈው ነገር አለ። አንዱን ጎማ ብቻ አንስተህ ሊንኩን ብትነቀንቀው አይነቃነቅም። ዘንጉ ተጠምዝዞ ወጥሮታል፤ የተበላውም ጥብቅ ይመስላል። ስለዚህ ወይ ሁለቱ ጎማዎች እኩል ይነሱ ወይ መኪናዋ ደልዳላ መሬት ላይ ትቁም። የእኔዋ ሁለቱም ተነስተው ስለነበር እጄን ሰደድኩና የግራውን ሊንክ ያዝኩ።

ተገኘ። የላይኛው ኳስ ቤቱ ውስጥ ይጫወታል። ወደ ላይ ገፋሁት፣ ወደ ታች ሳብኩት፤ "ቋ ቋ"። ራሱ ድምፁ ነው። ጎማ ሽፋኑ ዙሪያውን ተሰንጥቆ ግራሶው የለም፤ በምትኩ ውስጡ የገባው ጭቃ ደርቆ እንደ ዱቄት ይወርዳል። የቀኙም ጊዜው እየደረሰ ነው፤ ገና አያንኳኳም ግን ያለ ምንም ትግል በጣት ይዞራል። ጤነኛ ሊንክ በጣት ሲዞር ይከብዳል።

ከመግዛቴ በፊት አንድ ማረጋገጫ። ሁለቱንም ሊንኮች ፈታኋቸው። ሲፈታ ዳዶው ብቻውን አይወጣም፤ ብሎኑ አብሮ ይዞራል። የብሎኑ ጫፍ ላይ ባለ ስድስት ጠርዝ ቀዳዳ አለ። እሱን በአለን ቁልፍ ይዞ ዳዶውን በጠፍጣፋ ቁልፍ መፍታት ነው። ቀዳዳው በጭቃ ስለሚሞላ መጀመሪያ በምስማር መጥረግ ያስፈልጋል። ካልተጠረገ አለን ቁልፉ ይንሸራተትና ቀዳዳው ክብ ይሆናል፤ ያኔ ያለ መጋዝ አይወጣም። የስታቢላይዘሩን ጫፎች ደግሞ ሌላ ነገር እንዳይመቱ በሽቦ አሰርኳቸው።

መኪናዋን አውርጄ ግቢው ውስጥ በእርምጃ ፍጥነት ኮብልስቶኑ ላይ ነዳኋት። "ቋ ቋ" የለም። ጭራሽ የለም። ያለ ሊንክ መኪና ኩርባ ላይ ይጋደላል፤ ስለዚህ ከግቢ አልወጣሁም።

"ዷ" ግን አለች። ስለዚህ ሁለት ናቸው።

ሰኞ፣ ከሥራ በኋላ

ሶማሌ ተራ፣ የመኪና መለዋወጫ ገበያው። መኪናዋን ትቼ በታክሲ ሄድኩ። አሮጌውን ሊንክ በላስቲክ ይዤ ነው የሄድኩት፤ የኮሮላ ሊንክ በርዝመት ስለሚለያይ በሞዴል ስም ብቻ መግዛት ያስቸግራል። አንዱ ሱቅ ሁለት ዓይነት አወጣልኝ፤ ኦሪጅናልና ታይዋን። የዋጋው ልዩነት ሰፊ ነው። ለእኔ የሚወስነው የጎማ ሽፋኑ ነው። ጣቴን ከታች አስገብቼ አየሁት። የአንደኛው ሽፋን በብረት ቀለበት ጠብቋል፤ የሌላኛው ገና ሱቅ ላይ እያለ ላልቷል። ሽፋኑ ከላላ አቧራው ቀስ ብሎ ይገባል፤ ያኔ የኳሱ ጥራት ምንም ዋጋ የለውም። የጠበቀውን ገዛሁ። ሁለቱንም ነው የገዛሁት፤ ሊንክ ጥንድ ጥንድ ይቀየራል።

ማክሰኞ ማታ

ሊንኮቹ ገቡ። ሁለቱንም ዳዶዎች መጨረሻ ያጠበቅኩት ጎማዎቹ እኩል ቁመት ላይ እያሉ ነው። ኮብልስቶኑ ላይ ጸጥ አለች።

ሐሙስ ማታ

"ዷ"። ይሄኛው ነው ከባዱ።

ይህ ድምፅ የሚወጣው ክብደቱ ጎማው ላይ እያለ ብቻ ነው። ከፍ ሲል ጎማው በነፃ ስለሚዞር መሪው ላይ ጫና የለም፤ ቅዳሜ ከሰዓት የታፈነውን ትንሽ ነገር ብቻ የሰማሁት ለዚህ ነው። ስለዚህ ከሥር እየገባሁ ጎማዎቹ ግን መሬት መርገጥ አለባቸው። ጉድጓድ የለኝም። ከሕንፃ ሥራ ከተረፈ ሞራሌ መወጣጫ ሠራሁ፤ ደረጃ በደረጃ የተደራረበ፣ በረጅም ምስማር የተያያዘ፣ ጫፉ ላይ ጎማው እንዳያልፍ ማገጃ ያለው። የፊት ጎማዎቹ እላዩ ወጡ። የኋላዎቹ ታኮ።

የጎረቤቴ ልጅ መሪው ላይ ተቀመጠ። "ጋሼ፣ እስከ ጥግ ላዙረው?" አለ። አይደለም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ መሪው ሳይቆለፍ፣ ሁለት ሦስት ጣት ብቻ ግራ፣ ሁለት ሦስት ጣት ቀኝ፤ ደጋግሞ፣ ሳይቸኩል። የሚፈለገው ድምፁ የሚነሳባት ያቺ ትንሽ ነጥብ ናት። እኔ ከሥር ሆኜ እጄን በየተራ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ አደርጋለሁ። ጆሮ እዚህ ላይ ያሳስታል፤ እጅ ግን አይሳሳትም።

የግራ ቴስቲና፦ ዝም። የቀኝ ቴስቲና፦ ዝም። ከቴስቲናው ወደ ውስጥ የሚገባው ዘንግ የመሪውን ሳጥን የሚገናኝበት ኳስ አለ፤ በአኮርዲዮን ጎማ የተሸፈነው። ጎማውን ጨምቄ ኳሱን በላዩ ላይ ያዝኩት። በሁለቱም በኩል ምታት የለም።

ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቼ ከመሪው ዘንግ ወደ ታች የሚወርደውን ክሮቼራ፣ ማለትም በየአቅጣጫው የሚታጠፈውን መገጣጠሚያ፣ ያዝኩ። ይህ መገጣጠሚያ ሲበላ ምታቱ በቀጥታ እጅ ላይ፣ መሪው ላይ ይመጣል፤ እኔም ጥርጣሬዬ በብዛት እዚህ ላይ ነበር። የሚያስረውን ብሎን በቁልፍ ሞከርኩት፤ ጥብቅ ነው። ልጁ መሪውን ሲያወዛውዝ ከላይ ያለውና ከታች ያለው እኩል ነው የሚዞሩት። እዚህም የለም።

እንደገና ከሥር። አሁን እጄን የመሪው ሳጥን አካል ላይ አደረግሁ። ሳጥን የምለው ጥርስ ያለው ዘንግ በውስጡ ግራና ቀኝ የሚንሸራተትበትን ረጅም ቱቦ ነው። እሱ ራሱ መንቀሳቀስ የለበትም። የሚንቀሳቀሰው በውስጡ ያለው ዘንግ ብቻ ነው።

ይንቀሳቀሳል። ሙሉው ሳጥን። ልጁ ወደ ግራ ሲጀምር ሳጥኑ መጀመሪያ ራሱ ወደ ጎን ይሄዳል፣ መያዣውን ይመታል፣ "ዷ"፤ ከዚያ ነው ጎማው የሚከተለው። በመዳፌ ተቀበልኩት።

"አገኘኸው እንዴ ጋሼ?" አለኝ ከላይ። ፊቴን ሳያይ ዝም ማለቴን ሰምቶ ነው።

ዓርብ

መዳፍ ከመሰከረ በኋላም ዓይን ማየት ይፈልጋል። ሳጥኑንና መያዣውን በጨርቅ ጠርጌ በላያቸው ላይ አንድ ቀጥ ያለ የኮሬክተር መስመር አሰመርኩ፤ ግማሹ ሳጥኑ ላይ፣ ግማሹ መያዣው ላይ። ስልኬን ከሥር አስቀምጬ ልጁ መሪውን ሲያወዛውዝ ቀረጽኩ። በዝግታ ሳጫውተው መስመሩ ለሁለት ይሰበራል፤ ይገጥማል፤ ይሰበራል። ክፍተቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቀኙ በኩል ያለው መያዣ ላይ ግን መስመሩ ትንሽ ብቻ፣ በለስላሳው ይላወሳል። እዚያ ያለው መላወስ ደህና ነው። ጎሚኒ፣ ማለትም የጎማ ትራስ፣ የተቀመጠው ትንሽ እንዲሰጥ ነው። ችግሩ ሰጥቶ ብረት ላይ ሲደርስ ነው።

ሳጥኑን ከመኪናው አካል ጋር የሚያስሩት ሁለት የብረት ቅንፎች ናቸው። በቅንፉና በሳጥኑ መካከል ጎሚኒ አለ። የግራው ጎሚኒ አብጦ ለስልሷል። በጥፍሬ ስጫነው ጥፍሬ ውስጡ ይቀራል። በአንድ በኩል ሟሙቶ ወጥቷል። ብረቱ ብረቱን ሲመታ የቆየበት ቦታ ላይ ቀለሙ ተልጦ እንደ ሳንቲም ያበራል።

ጎሚኒ በራሱ እንዲህ አይሆንም። በዕድሜ ሲያልቅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። አብጦ የሚለሰልሰው ዘይት ሲጠጣ ነው። ስለዚህ ዘይት ከየት መጣ ብዬ ወደ ላይ ተከተልኩት። የመሪው ዘይት ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስበት ቱቦ ጫፍ ደርቋል፤ ቱቦውን አጥብቆ የሚይዘው ቀለበት፣ ፋሼታው፣ ላልቷል። ጠብታዋ ትንሽ ናት። መሬት ላይ አትደርስም። በቱቦው ላይ ተንሸራታ፣ በብረቱ ላይ ሄዳ፣ ልክ የግራው ቅንፍ ላይ ታርፋለች። አቧራው ይጠጣታል። ለዚህ ነው ከመኪናዋ ሥር እድፍ አይቼ የማላውቀው፤ ዘይቱም ሲጎድል በጣም በቀስታ ነው የሚጎድለው።

የ"ዷ" መነሻ የላላ ፋሼታ ነው። ጎሚኒውን ብቻ ብቀይረው ዘይቱ አዲሱንም ይበላዋል። መጀመሪያ ዘይቱ መቆም አለበት።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ማስጠንቀቅ እፈልጋለሁ። በመሪው ሳጥን ሥር ትልቅ ዳዶ ያለው ማስተካከያ አለ። ውስጡ ሞላ አለ፤ ጥርስ ያለውን ዘንግ ከመሪው በሚመጣው ጥርስ ላይ ይገፋል። "መሪው ያንኳኳል" ሲባል ያንን ጠበቅ የሚያደርጉ አሉ። ድምፁ አንዳንዴ ይቀንሳል። ግን ከመጠን በላይ ከጠበቀ መሪው ከኩርባ በኋላ በራሱ ወደ መሀል አይመለስም። ከኩርባ ወጥቶ ቀጥ የማይል መሪ፣ በተለይ ከባድ መኪኖች በሚሮጡበት የአቃቂና የገላን መንገድ ላይ፣ ከማንኛውም ኳኳታ የከፋ ነው። ችግሩ እዚያ መሆኑ በፍተሻ ካልተረጋገጠ አይነካ።

ቅዳሜ፣ ሶማሌ ተራ

ጎሚኒውን ማግኘት ከሊንኩ ይልቅ አስቸገረ። አብዛኛው ሱቅ ሙሉውን ሳጥን ነው የሚሸጠው። "ጋሼ፣ ሳጥኑን ከነሙሉው ይውሰዱት፤ ይገላግልዎታል" አለኝ አንዱ። ሳጥኔ ግን ጤነኛ ነው፤ ጥርሱ አይጫወትም፣ ጫፎቹ አያፈሱም። ያገለገለ ሳጥን ብገዛ የማላውቀውን ታሪክ ነው ይዤ የምሄደው።

ሌላው ደግሞ ካላማዳሪ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ) ቆርጦ አሮጌው ጎሚኒ ላይ መጠቅለል መከረኝ። ለጥቂት ጊዜ ዝም ያሰኛል። ግን የካላማዳሪ ጎማ ዘይት አይችልም፤ ቅንፉም እኩል አይጨምቀውም። መሪን በዚህ ዓይነት ነገር አላስርም።

መጨረሻ ላይ ወደ ውስጥ ገባ ያለች ትንሽ ሱቅ ውስጥ ጥንዱን አገኘሁ። የውስጡን ዙርና ወርዱን ከአሮጌው ጋር አለካክቼ ወሰድኩ። ከዚያው የመሪ ዘይት ቱቦና የብሎን ፋሼታ ገዛሁ። ቱቦ ስትገዙ የራዲያተር ቱቦ አትቀበሉ። የውኃ ቱቦ ጎማ ለዘይት አልተሠራም፤ ከውስጥ ይልጣል፣ የተላጠውም ወደ ፓምፑ ይሄዳል። "ለዘይት" ተብሎ የተሠራ ይሁን።

ዘይቱም ያው ነው፤ ለዚያ ዘመን ቶዮታ መሪ ዴክስሮን የሚባለው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው የሚገባው። የፍሬን ዘይት በፍጹም አይገባም፤ የመሪውን ሲሎች በሙሉ ያበላሻል።

እሑድ

ቱቦው መጀመሪያ። አሮጌውን ጫፍ በምላጭ ቀድጄ አወጣሁት፤ የብረቱን አፍ ሳልቧጭር። አዲሱ ገባ፤ ፋሼታው ጠበቀ። ከዚያ ሳጥኑና አካባቢው በሳሙና ውኃና በብሩሽ ታጠበ። ነገ ዘይት ብትወጣ እንድትታይ ንጹሕ ብረት መኖር አለበት።

ከዚያ ቅንፎቹ። ማታውን ዝገት ማላላቂያ ረጭቼባቸው ስለነበር ያለ ትግል ተፈቱ። ቦታው ጠባብ ነው፤ ረጅም ማስረዘሚያ ያለው ቡሶላ ካልሆነ እጅ አይደርስም። አንዱን ቅንፍ ብቻ ፈትቼ ጎሚኒውን ቀይሬ አስሬ ነው ወደ ሁለተኛው የሄድኩት። ሁለቱ አብረው ከተፈቱ ሳጥኑ ወርዶ ቱቦዎቹን ይጎትታል፤ መልሶ በቦታው ማስቀመጥም ያስቸግራል። የግራው አሮጌ ጎሚኒ ሲወጣ ጓንቴ ላይ እንደ ሬንጅ ተጣበቀ። የቀኙ ቅርፁን እንደያዘ ወጣ፤ ቢሆንም ተቀየረ።

ብሎኖቹን ተራ በተራ፣ ትንሽ በትንሽ ነው ያጠበቅኩት፤ ቅንፉ ወደ አንድ ጎን ሳይጋደል ጎሚኒውን እኩል እንዲጨምቀው።

አየር ማውጣት። ፊቷ ተነስታ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ በቀስታ እያመላለስን ዘይት ጨመርን። ማጠራቀሚያው ውስጥ የነበረው አረፋ ቀነሰ። ከዚያ ሞተሩ ተነሳ፤ እንደገና ተመላለሰ፤ ጥጉ ላይ ይዞ ሳይቆይ፣ ምክንያቱም ጥግ ላይ ፓምፑ በሙሉ ግፊት ነው የሚሠራው። ዘይቱ ነጭነቱን ትቶ ጥርት ያለ ቀይ ሲሆን አየሩ ወጥቷል ማለት ነው። ልኩን በማጠራቀሚያው ምልክት ላይ አየሁ።

ወደ ሞራሌው መወጣጫ ተመለሰች። ልጁ መሪውን አወዛወዘ፤ ኮሬክተሩ መስመር እንደገና ተሰመረ። አይሰበርም። ትንሽ ይተነፍሳል፤ ይመለሳል። "ዷ" የለም። መሪው ራሱ ቶሎ የሚመልስ ሆኗል። ቀድሞ መሪውን ስጀምር የነበረው ባዶ ቦታ ያ 3 ሚሊ ሜትር ነበር።

ረቡዕ

አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ተሠራ። ቴስቲናዎቹ ስላልተነኩ ብዙ አልተበላሸም፤ ሳጥኑ ግን ትንሽ ስለተንቀሳቀሰ ቀጥ ስሄድ መሪው ወደ ቀኝ ጋደል ብሎ ነበር። ተስተካከለ። ሠራተኛው ማሽኑ ላይ ከማስገባቱ በፊት የጎማ አየር ለካ፤ ይህን የማያደርግ ቦታ ላይ አላይመንት ባታሠሩ ይሻላል።

የጎማ ብሎኖቹን በልክ መፍቻ 103 ኒውተን ሜትር ላይ አጠበቅኩ፤ ጥቂት ከነዳሁ በኋላም ደግሜ።

ከቱሉ ዲምቱ ወደ ጎሮ በአስፋልቱ፣ ከዚያ ሆን ብዬ ፒስታው ገብቼ፣ በኮብልስቶኑ ተመለስኩ። የፊት እግሩ ዝም ብሏል። ፋሼታው ዙሪያውን ደረቅ ጨርቅ አስሬበት ነበር፤ ስፈታው ደረቅ ነው።

ክፍት የቀሩ፦ የግራው ሾክ አብዞርበር ላብ አልጨመረም፤ የቦሎ ምርመራው ሳይደርስ እንደገና አያለሁ፤ ከተቀየረ ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ። የቀኙ አክስል ጎማ ሽፋን ላይ እጥፋቱ ውስጥ ስንጥቅ ጀምሯል፤ ግራሶው ገና አልወጣም። እሱ ከሚቀጥለው ክረምት በፊት ይቀየራል፤ ውኃና ጭቃ ከገባበት ሽፋኑ ሳይሆን አክስሉ ነው የሚገዛው።